የሸርጣን «ቤተሰብ»

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ሸርጣኖችን በአካላቸው እንዲለዩ ባዘጋጀሁት የአማርኛ ማስታወሻ ላይ «የወንዝ ሸርጣን ንዑስ ቤተሰቦች ሁለት ናቸው፤ ጎነ ጥርሳምና ጎነ ለስላሳ» ብዬ ጻፍኩ። ባልደረባዬ «ቤተሰብ ሳይሆን አስተኔ ነው የሚባለው» አለኝ። የማን ልክ ነው?

መልስ፦ የባልደረባዎ። ቤተሰብ በግእዝ ቤተ ሰብእ ነው፣ የሰው ቤት ማለት። ሰብእ አማርኛ ሲገባ መጨረሻውን ጥሎ «ሰብ» ሆነ እንጂ ትርጉሙን አልጣለም፤ ሰብአዊ፣ ሰብእና ስንል ዛሬም ሰውን ነው የምንጠራው። አማርኛ የሳይንስ ጽሑፍ ደግሞ ሕያዋንን ሲመድብ ከታች ወደ ላይ ዝርያ፣ ወገን፣ አስተኔ እያለ ደረጃውን የሚያወጣበት የራሱ ስም አለው።

«ፈረንጆቹስ የሰውን ቤት ስም ለእንስሳ አውሰው የለም ወይ?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ የላቲኑ ፋሚሊያ ከፋሙሉስ፣ ከአገልጋይ የመጣ ነው፤ መነሻው የቤት አገልጋዮችን ነበር። ክርክሩ ጠንካራ መሆኑን አልክድም። ቢሆንም «የሸርጣን ቤተሰብ» ሲባል ሰብእ ጆሮዬ ላይ ይጮኻል። ሕዝቡ «የድመት ቤተሰብ» ማለት ከለመደ ቆይቷልና፣ በቃል ሲያስተምሩ ቢሉት አላርምዎትም። በጽሑፍ ግን አስተኔን አይልቀቁ።

«ንዑስ»ም በዐይኑ ዐ አይጻፍም። ሥሩ ንእሰ፣ አነሰ ነው፤ በአልፋው አ። የቅዳሴውን ንኡሰ ክርስቲያን ያስታውሱ። ጋዜጣው ሁሉ በዐይኑ ዐ እንደሚጽፈው አውቃለሁ፤ የጋዜጣ ብዛት ግን ሥርን አይቀይርም። ሸርጣን ራሱ ከዐረብኛው ሰረጧን መጥቶ በከዋክብት ቈጠራችን ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን ተብሎ የተቀመጠ ነው፤ ከሸይጣን ጋር የሚያዛምዱት ድምፁ አሳስቷቸው ነው።

ከቃሉ የባሰው ግን ደረጃው ነው። የከተማዎ ወንዝ በሬሳ ወደ ጀማ፣ ጀማ ወደ ዓባይ ይገባልና የዓባይን ሸርጣኖች ልጥቀስ። ፖታሞናውቴስ ኒሎቲከስን ቢይዙ፣ ከዐይኑ ወደ ጎን በሚወርደው የጀርባ ቅርፊት ጠርዝ ላይ እንደ መጋዝ የተደረደሩ ጥርሶች ያገኛሉ። የፖታሞናውቴስ ቤራርዲ ጠርዝ ለስላሳ ነው። የሁለቱም የመጀመሪያ ስም አንድ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ወገናቸው አንድ ነው፣ ስለዚህ ጥርሱ የሚለየው ዝርያን ነው። ወደ ላይኛው ደረጃ ሲወጡ ሊቃውንቱ የሚያዩት ሌላ ነገር ነው፤ በመንጋጋው ላይ ያለችውን ባለ አንጓ ቅጥያ፣ እንዲሁም ወንዱ ከታጠፈው ሆዱ ሥር የሚሸሽገውን የመራቢያ እግር ጫፍ። ሴቷ ሆደ ሰፊ ናት፣ የወንዱ ጠባብ ነው፤ ተማሪዎችዎ መጀመሪያ ይህን ይለዩ።

ዓረፍተ ነገርዎን እንዲህ ቢያርሙት እመርጣለሁ፦ «ከአንድ ወገን የሆኑት እነዚህ የወንዝ ሸርጣኖች ሁለት ዝርያዎች ናቸው፤ የአንዱ የቅርፊት ጠርዝ ጥርሳም፣ የሌላው ለስላሳ ነው።» ንኡስ አስተኔ የሚለው ቃል እዚህ ቦታ የለውም።