የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለአገር አቋራጭ መኪና የመጀመሪያው ወጪ ምን ላይ ይዋል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ታላቅ ወንድሜ አንድ ድርጅት በጨረታ የሸጠውን ላንድክሩዘር 78 ገዝተናል። ሞተሩ ቱርቦ የሌለው ባለ 6 ሲሊንደር 4.2 ሊትር ናፍጣ ሲሆን ጎማው 7.50 በ16፣ ቸርኬውም ባለ ቀለበት ነው። ወንድሜ የጂኦሎጂ ባለሙያ በመሆኑ ከኅዳር እስከ የካቲት ወደ አፋር፣ በቀሩት ወራት ደግሞ ወደ ባሌ እንመላለሳለን። ጋራዥ ብንጠይቅ የብረት ፓራውልት ከነዊንቹ (ገመድ እየጠቀለለ የተያዘ መኪና የሚስብ መሣሪያ)፣ ፖርቶመጋላ፣ ጣሪያ ላይ የሚደረደር የኤልኢዲ መብራትና ሰፋ ያለ ጎማ እንድናስገጥም መከሩን። ያለን ገንዘብ ግን ከአራቱ ለሁለቱ ቢበቃ ነው። ከየትኛው እንጀምር? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከአራቱ በአንዱም አይጀምሩ። የተነገረዎት ዕቃ ሁሉ የየራሱ ጥቅም አለው፤ ነገር ግን አራቱም ወይ ክብደት የሚጨምሩ ወይ ሞተሩን የሚያደክሙ ወይ መልክ የሚያሳምሩ ሲሆኑ፣ እናንተ የምትመላለሱባቸው ሁለት መንገዶች አስቀድመው የሚጠይቁት የመኪናውን ጤንነት፣ ደህና ጎማና ከተያዛችሁበት የሚያወጣችሁን ቀላል መሣሪያ ነው።

በጨረታ የተገዛ መኪና ያለፈ ታሪኩ በውል አይታወቅም። ስለዚህ አንድም ተጨማሪ ዕቃ ሳይገዙ የሞተሩን፣ የካምቢዮውንና የሁለቱንም ዲፈረንሻል ዘይት ያስለውጡ፤ ከዲፈረንሻሉ የሚወርደው ዘይት ወተት መስሎ ከታየ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነውና ምክንያቱ ሳይታወቅ አዲስ ዘይት ብቻ ሞልተው አይሂዱ። የፊት ጎማዎቹ ኩሽኔታ ተፈትቶ ይታይና አዲስ ግራሶ ይግባበት። ቺንጋዎቹና የራዲያተሩ ቱቦዎች ይለወጡ፤ አሮጌዎቹ ያልተሰነጠቁ ከሆኑም ለመጠባበቂያ በመኪናው ውስጥ ይቀመጡ። ከማደያ ርቆ ከበርሜል የሚቀዳ ናፍጣ ውኃና ቆሻሻ ስለማያጣ ሁለት ትርፍ የናፍጣ ፊልትሮ መያዝም ግድ ነው። ለባሌ ደግሞ ሞተሩ ሲነሣ የሚያሞቁትን ካንዴላዎችና ባትሪውን ያስመርምሩ፤ በሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ አድሮ በማለዳ ናፍጣ ሞተር ማስነሳት አዲስ አበባ ውስጥ ከማስነሳት ጋር የሚወዳደር አይደለም። እነዚህ ሁሉ ከውጭ የማይታዩ ወጪዎች ናቸው፤ ይሁንና በሥራ ዘመኔ በረሃ ላይ ቆመው ካገኘኋቸው መኪኖች የሚበዙት የቆሙት በተበጠሰ ቺንጋ፣ በፈነዳ ቱቦ ወይም በተቃጠለ ኩሽኔታ እንጂ ዊንች በማጣት አልነበረም።

ሁለተኛው ወጪ ጎማ ነው። ድርጅቶች የሚሸጧቸው መኪኖች ብዙ ጊዜ ጥርሱ ያላለቀ፣ ዕድሜው ግን የገፋ ጎማ ይዘው ይመጣሉ። በጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ ተብሎ ከተጻፈው ተከታታይ ቁጥር የመጨረሻዎቹን 4 አሃዞች ያንብቡ፤ 2318 ቢል በ2018 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። 10 ዓመት ያለፈውን ጎማ፣ ጥርሱ ምንም ያህል የጠለቀ ቢሆን፣ በአፋር ሙቀት ላይ ጭነት ጭነው አይመኑት። ልኩን ግን አይለውጡ። 7.50 በ16 ቀጭንና ረጅም ሆኖ የተሠራው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው፤ ባለ ቀለበቱን ቸርኬም በሎጊያም ሆነ በጎባ ያለ ጎሚስታ ያለ ማሽን ፈትቶ ካላማዳሪውን ይለጥፈዋል። ነፋስ ሲሞላ ግን ቀለበቱ በትክክል ካልተቀመጠ ተፈናጥሮ ሰው ሊገድል ስለሚችል፣ ማንም ሰው በቀለበቱ ትይዩ እንዳይቆም አጥብቀው ይከልክሉ። የአፋር ጥቁር ድንጋይ የሚቆርጠው ብዙ ጊዜ የጎማውን ጎን ነው፤ ጎኑ የተቀደደ ጎማ ደግሞ ተለጥፎ አስተማማኝ አይሆንም። ስለዚህ ከሰፋፊ ጎማ ይልቅ ሁለተኛ መለዋወጫ ጎማና ሁለት ትርፍ ካላማዳሪ ይግዙ።

ከጎማው ጋር አብረው የሚገዙት ሁለት ትንንሽ ዕቃዎች አሉ፤ ትክክለኛ የነፋስ መለኪያና በባትሪ የሚሠራ ኮምፕሬሰር። በእኔ እምነት በዚህ አገር ለአገር አቋራጭ መኪና ከሚገዛ ዕቃ ሁሉ በዋጋው ልክ የዚህን ያህል የሚጠቅም የለም። በ35 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ አሃድ) አሸዋ ውስጥ የሰመጠ መኪና ነፋሱ ወደ 20 ሲወርድ ጎማው ይረዝማል፣ የሚረግጠው መሬት ይሰፋል፣ ብዙ ጊዜም ያለ አንዳች ጉተታ በራሱ ኃይል ይወጣል። የእናንተ ጎማ ካላማዳሪ ያለው በመሆኑ ከ18 በታች አያውርዱት፤ ከዚያ ከወረደ ጎማው በቸርኬው ላይ ይንሸራተትና የነፋሱን አፍ ይቆርጠዋል። ነፋስ የጎደለውን ጎማ ይዞ በአስፋልት መሮጥ ደግሞ ጎማውን ከውስጥ ስለሚያቃጥለው፣ ኮምፕሬሰር የሌለው ሰው ነፋስ ማጉደል የለበትም።

ከአዲስ አበባ ወደ ዳሎል ስለ መውረድ ብዙ ሾፌሮች የሚጠይቁኝን እዚህ ላይ ላንሣ። «ቆላ ስንገባ በሙቀቱ ጎማው ይነፋልና ነፋስ እንቀንስ?» ይላሉ። ሙቀቱ ግፊቱን ከፍ ማድረጉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከ2,400 ሜትር ከፍታ ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ወዳለ ስፍራ ሲወርዱ የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር መለኪያው የሚያነበው ቁጥር ወደ 4 ፒኤስአይ ገደማ ይቀንሳል። ጎማው ከ15 ዲግሪ ወደ 40 ዲግሪ ሲሞቅ የሚጨምረውም ከዚሁ ጋር የተቀራረበ ነው። ሁለቱ እርስ በርስ ስለሚጣፉ አዲስ አበባ ላይ በማለዳ የሞላችሁት ልክ እዚያም በማለዳ ስትለኩት እምብዛም ተለውጦ አታገኙትም። መኪናው እየሮጠ የሞቀውን ጎማ ለክቶ ነፋስ ማጉደል ግን ስሕተት ነው፤ ሲቀዘቅዝ ከሚገባው በታች ይሆናልና።

ሦስተኛው ማውጫ መሣሪያ ነው፤ ረጅም እጀታ ያለው አካፋ፣ ሁለት የአሸዋ ሳንቃ፣ ከክሪክ ሥር የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላ፣ ለመኪናው ክብደት የተመረተ መጎተቻ ቀበቶና አቅማቸው የተጻፈባቸው ሁለት ሻክሎች (ቀበቶውን ከመኪናው ጋር የሚያያይዙ የብረት ማያያዣዎች)። ሰንሰለትና የብረት ገመድ ለድንገተኛ ጉተታ አይጠቀሙ። ከዓመታት በፊት በአፍዴራ መንገድ የሰመጠ ፒካፕ ስንጎትት እኔ ራሴ ያሰርኩት ሰንሰለት ተበጥሶ የጎታቹን መኪና የኋላ መስታወት በርቅሶ ገባ፤ ሾፌሩ ወደ መሪው ጎንበስ ብሎ ስለነበር ብቻ ተረፈ። ከዚያ ቀን ወዲህ በገመዱ መካከል እርጥብ ብርድ ልብስ ሳላኖር፣ ሰዎችንም ከገመዱ ርዝመት በላይ ሳላርቅ መኪና አላስጎተትኩም። ቀበቶውም ቢሆን መታሰር ያለበት ከሻንሲው ጋር በጠንካራ ብሎን በተያያዘ መጎተቻ ላይ ነው፤ መኪናው በመርከብ ሲጓጓዝ እንዲታሰርበት የተበየደው ቀጭን ቀለበት ለዚህ አልተሠራም።

አሁን ወደተነገራችሁ አራት ነገር ልመለስ። የብረት ፓራውልት ከነዊንቹ ወደ 100 ኪሎ ግራም ሊጠጋ ይችላል፤ ይህ ሁሉ የሚያርፈው ከፊት ሞላዎቹ ላይ ነው። ሞተራችሁ አየር በግፊት የሚያስገባለት ቱርቦ የለውም፤ በሳነቴ ከፍታ ደግሞ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ ጉልበቱ በዚያው መጠን ይደክማል። ከጎባ ወደ ሳነቴ በምትወጡበት ዳገት እያንዳንዱ ትርፍ ኪሎ በማርሽና በጥቁር ጭስ ይታወቃችኋል። በአፋር ጨውና አሸዋ ላይ ደግሞ ዊንቹን የምታስሩበት ዛፍ አታገኙም፤ ጎማ ቀብሮ በእሱ መጎተት ይቻላል፣ ግን ያን ያህል ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው የሰመጠውን ጎማ አስቀድሞ ቆፍሮ ባወጣው ነበር። ዊንች በእርግጥ የሚያስፈልጋችሁ በሐረና ጫካ ጭቃ፣ ዛፍ ባለበትና ረዳት መኪና በሌለበት ነው፤ ስለዚህ ለሁለተኛው ዓመት አቆዩት። ሲገዙም አቅሙ ከነጭነቱ ከሚመዘነው የመኪናው ክብደት ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን፤ 3 ቶን ለሚመዝን መኪና 4.5 ቶን፣ ማለትም 10,000 ፓውንድ ገደማ የሚስብ ይምረጡ።

ፖርቶመጋላ የሚፈለገው አብዛኛውን ጊዜ ለነዳጅ ጀሪካን ነው። ብዙዎቹ 78ቶች ግን በድምሩ 180 ሊትር የሚይዙ ሁለት ጋኖች ስላሏቸው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዳሉ። የሁለተኛው ጋን መቀየሪያ መሥራቱን ማረጋገጥ ጣሪያ ላይ ነዳጅ ከመጫን በብዙ ይሻላል፤ ጣሪያ ላይ የተጫነ ክብደት መኪናውን በተንሸራታች መንገድ ለመገልበጥ ያጋልጠዋልና። የጣሪያ መብራቱን ጨርሶ ይተዉት፤ በአቧራና በሳነቴ ጉም ውስጥ ከላይ የሚመጣ ብርሃን ተመልሶ ዓይንን ከማወር በቀር አይረዳም። ከተረፈ ገንዘብ አሞርዛተሮቹን በአዲስ ይለውጡ፤ ያረጀ አሞርዛተር በኮረኮንች መንገድ ላይ ከሰው ይልቅ ባሊስትራውን ይጎዳል።

አንድ የመጨረሻ ማሳሰቢያ አለኝ። ከአሳሌ ሐይቅ ጨው በተመለሳችሁ ቁጥር የመኪናውን ሆድ በብዙ ንጹሕ ውኃ አሳጥቡ፤ ሻንሲውን፣ የፍሬን ቱቦዎቹንና የባሊስትራውን ንብርብር ሳይቀር።

ጥያቄ፦ ባለ 265/65 በ17 ጎማ ሃይሉክስ አለኝ። በክረምት ወደ ቡና እርሻዬ የሚወስደው መንገድ ጭቃ ስለሚሆን 285/70 በ17 የጭቃ ጎማ ላስገባና መኪናውን 5 ሳንቲ ሜትር ላስነሣ አስቤአለሁ። ትክክል ነኝ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ስለ ጎማው ዓይነት ትክክል ነዎት፣ ስለ ልኩ ግን አይመስለኝም። የጭቃ ጎማ፣ ኤምቲ የሚባለው፣ በጥርሶቹ መካከል ሰፊ ክፍተት ስላለው ጭቃውን እየወረወረ ይሄዳል፤ ኤቲ የሚባለው ግን በሚያጣብቅ አፈር ጥርሱ ቶሎ ይደፈንና እንደ ላጣ ጎማ ይንሸራተታል። ይህን ልዩነት በፋብሪካው ልክ በሚመጣ የጭቃ ጎማ ያገኙታል። ያሰቡት ልክ ግን በቁመት 7 በመቶ ያህል ይበልጣል፤ ስለዚህ የፍጥነት መለኪያው 100 ሲል 107 ይሄዳሉ፣ ፍሬኑ የሚያቆመው ጎማ ከብዶበታል፣ መሪው ሲዞርም ጎማው ከመርገጫው ጋር ሊፋተግ ይችላል። መኪናውን ማስነሣት የሚመጣውም ይህን መፋተግ ለማስቀረት ነው፤ አንዱ ወጪ ሌላውን ይጎትታል ማለት ነው። በልኩ ጎማ ይግዙና መኪናዎ የኋላ ዲፈረንሻል መቆለፊያ (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች እኩል እንዲዞሩ የሚያደርግ) እንዳለው ያረጋግጡ፤ ካለው አብዛኛው ጭቃ በእሱ ይታለፋል። መረሬ አፈር ላይ ግን ምንም ጎማ አይረዳም። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ግማሽ ቀን ፀሐይ እስኪነካው መጠበቅ መንገዱንም ከመቦርቦር ያድነዋል።

ጥያቄ፦ አባቴ ጂንካ ይኖራሉ፤ የቆየ ፕራዶ ይነዳሉ። በገና ስመጣ ከአሜሪካ ምን ዕቃ ይዤላቸው ብመጣ ይጠቅማቸዋል? ዊንች ብሎ የመከረኝ አለ። (ከዴንቨር)

መልስ፦ አንድ የመኪና ዊንች ብቻውን 23 ኪሎ ግራም ከሚፈቀድ አንድ ሻንጣ ስለሚበልጥ ይተዉት። በሻንጣ ለመምጣት የሚመቹት ጥሩ የ12 ቮልት ኮምፕሬሰር፣ የነፋስ መለኪያ፣ ካላማዳሪ የሌለውን ጎማ ከቸርኬው ሳያወልቁ ለመድፈን የሚያገለግል የመወጊያና የጎማ ገመድ ስብስብ፣ እንዲሁም የሚለጠጥ የጉተታ ቀበቶ ናቸው፤ አራቱም ተደምረው ከግማሽ ሻንጣ አይበልጡም። ባትሪ የሚያስነሣ የሊቲየም መሣሪያ ከጨመሩ ከ100 ዋት ሰዓት ያልበለጠውን መርጠው በእጅ ሻንጣዎ ይያዙት፤ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ማስገባት የተከለከለ ነው። ከመምጣትዎ በፊት የአባትዎን የሻንሲ ቁጥር አስልከው የፊልትሮና የቺንጋ ቁጥር በዚያ ያስፈልጉ፤ ፕራዶ በሞተር ዓይነት ስለሚለያይ በግምት የተገዛ ፊልትሮ ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ሲደርሱም ኮምፕሬሰሩን በሲጋራ ማቀጣጠያው ሶኬት ሳይሆን በቀጥታ ከባትሪው ጋር፣ ፊውዙን ሳይረሱ፣ ያገናኙላቸው፤ ሶኬቱ ይህን ያህል ኃይል በተከታታይ አይሸከምም።