ወደ አንድ ስኪ ለመሻገር ምን ልግዛ?

ጥያቄ፦ በሁለት ስኪ፣ ማለትም እግር ላይ በሚታሰሩ ረጃጅም ሰሌዳዎች፣ በጀልባ እየተጎተትኩ ውሃ ላይ መንሸራተት ችያለሁ። አሁን በአንዱ፣ ማለትም በስላሎም ስኪ መንሸራተት እፈልጋለሁ። ክብደቴ 80 ኪሎ ነው። ገንዘቤን ምን ላይ ላውል?

መልስ፦ ትልቁ ወጪ ጀልባውና ነዳጁ እንጂ ስኪው አይደለም፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ጀልባ አይግዙ፣ ይከራዩ። በእርስዎ ክብደት፣ በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚጎተት ሰው፣ ከ170 እስከ 173 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ሰፋ ያለ ስኪ ይስማማል። የውድድሩ ስኪ ውድ ነው፤ ጠባብ ስለሆነም በዝግታ ሲጎተት ወደ ውሃው ይሰምጣል፣ ጉልበትም ይጨርሳል። ያገለገለ ቢገዙ አያፍሩበት፤ ጠርዙ እንዳልተሰነጠቀ፣ ስኪው ላይ የሚገጠመው ጫማ ብሎኖች የሚገቡበት ቀዳዳ እንዳልላላ ብቻ ይፈትሹ።

ጫማው ላይ ግን በፍጹም አይቆጥቡ። ተረከዝዎ ከተነሳ ስኪው አይታዘዝዎትም፤ ሲወድቁም አንዱ እግር ወጥቶ ሌላው ሊቀር ይችላል፣ ቁርጭምጭሚት የሚጎዳውም ያኔ ነው። በስኪው ላይ ከኋላ ለሚቆመው እግር ግን ጣቶቹ የሚገቡበት ማሰሪያ ይበቃል።

የመጎተቻው ገመድ 23 ሜትር የሆነ፣ ብዙ የማይለጠጥ ይሁን፤ የተንሳፋፊ ጎማ መጎተቻ አይሆንም። የሚንሳፈፍ ጃኬትም የግድ ነው።

ከውሃው ሲነሱ ጉልበትዎን ወደ ደረት ሰብስበው፣ ክንድዎን ዘርግተው ይቆዩ። ብዙዎች የሚወድቁት የገመዱን እጀታ ወደ ራሳቸው ስበው ቶሎ ለመቆም ሲሞክሩ ነው።