ባትሪው ሙሉ ቮልት እያሳየ ጄኔሬተሩ የማይነሣው ለምንድን ነው?

የደብረ ማርቆሱ ወንድማችን የጤና ጣቢያው ተጠባባቂ ጄኔሬተር መብራት ሲጠፋ ጠቅ ብሎ ዝም እንደሚል፣ ባትሪው ግን 12.6 ቮልት እንደሚያሳይ ገልጸው አዲስ ይግዙ እንደሆነ ጠይቀዋል። ከፍኖተ ሰላም እስከ ባሕር ዳር ጄኔሬተር ስጠግን ካየሁት ተነሥቼ የምመክርዎት፣ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ባትሪውን ሞተሪኖው (ሞተሩን አሽከርክሮ የሚያስነሣው ትንሹ ሞተር) ጅረት እየጎተተበት ሳለ እንዲለኩት ነው፤ ሥራ ሳይኖርበት ሙሉ ቮልት የሚያሳይ ባትሪ ጭነት ሲመጣበት ሊወድቅ ይችላልና።

ባትሪው ከቻርጀር እንደተነቀለ የሚነበበው ቮልት ስለሚያታልል፣ በመጀመሪያ ጥቂት ሰዓታት ያሳርፉት። ከዚያም ቴስተሩን በባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ ይዘው ሌላ ሰው እንዲያስነሣ ያድርጉ። ቮልቱ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል ወይም ቻርጅ አልያዘም፤ ከ12 በላይ ሆኖ ከቀረ ግን ጅረቱ ከነጭራሹ ወደ ሞተሪኖው አልሄደም ማለት ነውና ገመዱን፣ ሶሌኖይዱን (ጅረቱን ወደ ሞተሪኖው የሚያገናኘውን ማብሪያ) እና ቡሎኖቹን ይመርምሩ። በዚያው ቅጽበት የቴስተሩን አንድ ጫፍ ከባትሪው በወጣው የእርሳስ ብረት ምሰሶ፣ ሌላውን በገመዱ ማሰሪያ ላይ ቢያደርጉ ንባቡ ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን አለበት፤ ግማሽ ቮልት ካሳየ በመካከላቸው ዝገት አለ። ይህን ለማጽዳት አስቀድመው ኔጌቲቩን ይፍቱ፣ ሲያስሩም በመጨረሻ ይሰሩት፤ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጠው ይጥረጉት፣ ወደ ሴሎቹ ግን ጠብታ እንዳይገባ።

ባትሪው ራሱ ደክሞ ከተገኘ ደግሞ ያደከመውን ነገር ሳያገኙ አዲስ አይግዙ። እኔ በብዛት የማገኘው ጥፋት ቻርጀሩ ላይ ነው። የመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ቀንም ሌትም ጥቂት ጥቂት ይጠጣል፤ የቻርጀሩ ፊውዝ ከተቃጠለ ወይም መብራት ለብዙ ቀናት ከጠፋ ባትሪው ሳይታወቅ ይራቆታል፣ እንደተራቆተ በቆየ ቁጥርም በውስጡ ባሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ላይ ሰልፌት የሚባል ነጭ ንብርብር ይጋገራል። መብራት ባለበት ሰዓት በባትሪው ጫፎች ላይ ከ13.5 እስከ 13.8 ቮልት ሊገኝ ይገባል። 12 ነጥብ ምናምን ከሆነ ቻርጀሩ አይሠራም፤ ዘወትር ከ14.5 በላይ ከሆነ ውሃውን አፍልቶ ያደርቀዋል።

ውሃ የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ይጠቀሙ፤ የታሸገ የመጠጥ ውሃ ለእኛ ንጹሕ ቢሆንም ማዕድን ስላለው ባትሪውን ይጎዳዋል። ጄኔሬተሩ በ24 ቮልት የሚነሣ ከሆነ ሁለቱን ባትሪዎች አንድ ላይ ይቀይሩ፣ አሮጌው አዲሱን ያዳክመዋልና። በማርቆስ ብርድ ዘይቱም ስለሚወፍር ፈተናውን ማለዳ ቢያደርጉት ይመረጣል፤ በቀትር ያለፈ ባትሪ ንጋት ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሲያስነሡ የሚያገኙትን ቮልትና የቻርጀሩን ንባብ ቢጽፉልን የቀረውን አብረን እናያለን።