ቀፊራ የሄደችው ሠራተኛ ያንቺ ናት

ደብዳቤሽ ሐሙስ ደረሰኝ። የላክሽልኝን ምዕራፎች ሁለት ሦስቱን ልይ ብዬ ከፈትኩና እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ድረስ ከወንበሬ አልተነሣሁም። መልሴ የዘገየው ለዚህ ነው። ሳላነብልሽ መምከር አልፈለግሁም።

ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ጠያቂያችን እዚሁ ድሬዳዋ የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ናት። በጣም የምትወደው አንድ የአማርኛ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ አለ። ድራማው ያላሳየውን፣ አንጠልጥሎ የተወውን፣ እሷ «አበላሹት» የምትለውን ሁሉ ራሷ እየጻፈች በቴሌግራም ታወጣለች። ፋን ፊክሽን የሚባለው ይህ ነው፤ አድናቂ በሚወደው ታሪክ ገጸ ባሕርያት የሚጽፈው ሌላ ታሪክ። በየሳምንቱ ዓርብ ማታ አንድ ምዕራፍ ታወጣለች። 15 ወር ሊሞላት ነው። 64 ምዕራፍ ጽፋለች፤ አንድም ዓርብ አልቀረችም።

ጥያቄዋ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ወንድሜ የሰው ላብ ነው የምትሰርቂው ይለኛል። እናቴ ዲግሪሽን ያዢና ከዚያ ትደርሽበታለሽ ትላለች። አንድ ሰው ደግሞ በመጽሐፍ እናሳትመውና ትርፉን እኩል እንካፈል አለኝ። ሲቪዬ ላይ ልጻፈው? ትምህርቱን ትቼ ልግባበት? ወይስ እርግፍ አድርጌ ልተወው?»

አትተዪው። ይህን ቀድሜ ልበልሽ።

ልጅ ሆኜ ገንደ ቆሬ ሳለን ሬዲዮ ላይ የመጽሐፍ ትረካ እንሰማ ነበር። የሬዲዮዋ ባትሪ ድንጋይ ሲደክም አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን። አንዳንዴ ነፍስ ይዘራል፣ አንዳንዴ መሐል ላይ ጥሎን ይሄዳል። ያኔ ያመለጠንን ክፍል እኛው እንተርከው ነበር። ታላቅ እህቴ የምትሞተዋን ልጅ አትገድላትም። የጎረቤታችን ልጅ ክፉውን ሰውዬ ባቡር ጣቢያ ድረስ አምጥቶ ያሲዘዋል። በማግስቱ ትምህርት ቤት ትክክለኛውን ታሪክ ስንሰማ ብዙ ጊዜ የእህቴ ይሻል ነበር። ስሙን አናውቀውም እንጂ እሱም ፋን ፊክሽን ነበር።

ሌላውም ዓለም እንዲሁ ነው የጀመረው። አሜሪካ ውስጥ የአንድ የጠፈር ድራማ አድናቂዎች እ.ኤ.አ. በ1967 «ስፖካናሊያ» የሚባል መጽሔት ራሳቸው አዘጋጅተው የራሳቸውን ታሪክ ያወጡበት ነበር። ዛሬ አርካይቭ ኦፍ አወር ኦውን የሚባል ትልቅ የኢንተርኔት ማከማቻ አላቸው። ማከማቻው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 የሁጎ ሽልማትን አግኝቷል፤ በሳይንሳዊ ልብወለድ ዓለም ትልቅ የሚባለው ሽልማት ነው። ይህን የማነሣልሽ «የልጅ ጨዋታ ነው» ሲሉሽ አንገትሽን እንዳትደፊ ነው።

የእኛም ጉባኤ ቤት ቢሆን ከዚህ አይርቅም። የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት ብቻ ባላት አጭር ቅኔ፣ በጉባኤ ቃና ይጀምራል። የመምህሩን ቅኔ ይሰማል፣ ልኩንና ዜማውን ይይዛል፣ በዚያ ልክ የራሱን ቆጥሮ ይመጣል፣ ይታረማል። ማንም ሌባ አይለውም። ግን እዚያው ቤት የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው። ልኩን መበደር ይፈቀዳል፤ ቅኔው ግን ያንቺ መሆን አለበት።

ወንድምሽ እንግዲህ ግማሽ እውነት ይዟል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 410 ማለት ነው፣ ሥራውን ማባዛትን፣ መተርጎምን፣ ወደ ሌላ መልክ መቀየርን ለባለመብቱ ነው የሚሰጠው። በነፃ ማውጣትሽም ሙሉ ከለላ አይሆንሽም። ስለዚህ ከየትኛው ድራማ እንደተነሣሽ በግልጽ ጻፊ፤ ሳንቲም አትቀበዪበት። የውጭዎቹም ቢሆኑ ማከማቻቸው ላይ መሸጥ ክልክል ነው። የእነዚያን ሰዎች ስምና ታሪክ ይዘሽ መጽሐፍ አሳትመሽ መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ክስ ቢመጣ ሽፋኑ ላይ ያለው ስም ያንቺ ነው፤ «እኩል እንካፈል» ያለሽ ሰውዬ ያን ቀን አጠገብሽ መቆሙን እጠራጠራለሁ።

አሁን ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤን ወደነካው ነገር ልምጣ። ምዕራፍ 31።

ድራማው ላይ አንዲት የቤት ሠራተኛ አለች፤ ሻይ ይዛ ትገባለች፣ አስቀምጣ ትወጣለች። አለቀ። አንቺ ፈቃድ ሰጥተሽ ወደ ድሬ ላክሻት። በማለዳ ቀፊራ ገበያ ትሄዳለች። ሻጯን በሶማልኛ ሰላም ትላለች፣ በአማርኛ ትከራከራለች፣ ብሩን ስትቆጥር በኦሮምኛ ነው። ከዚያ አንድ የተሰነጠቀ ቲማቲም ከመሐል አውጥታ መልሳ ታስቀምጣለች፤ አዲስ አበባ እመቤቷ በተሰነጠቀ ቲማቲም የሰደበቻት ትዝ ብሏት። ስለ ስድቡ አንድ ቃል አልጻፍሽም። እጇን ብቻ ነው ያሳየሽን።

ያን ማንም አላስተማረሽም። ከየትኛውም ድራማም አልወሰድሽውም። ከእናትሽ ጋር ቀፊራ ስትመላለሺ በዐይንሽ ያጠራቀምሽው ነው። ከ64ቱ ምዕራፍ ምርጡ ደግሞ እሱ ነው። ዋናዎቹ ጥንዶች፣ አንባቢዎችሽ በየዓርቡ የሚጠብቋቸው ማለቴ ነው፣ እዚያ ምዕራፍ ውስጥ የሉም። ለምን እንደሌሉ አስቢበት።

ያቺን ሴት አውጫት። ሌላ ስም፣ ሌላ ቤት፣ ሌላ እመቤት ስጪያትና ከመጀመሪያው ጻፊያት። ድራማው ውስጥ ከሻይ ትሪዋ በስተቀር ምንም አልነበራትም፤ ሌላውን ሁሉ የሰጠሻት አንቺ ነሽ። ትሪውን መልሺላቸው። የዓርቡን ታሪክ ከፈለግሽ ቀጥዪበት፤ አንባቢ እየጠበቀሽ መጻፍ የማይገኝ ልምምድ ነው። እኔ ስንት ጎበዝ ልጆች አውቃለሁ፣ አሥር ልብወለድ ጀምረው አንዱን ያልጨረሱ። አንቺ 64 ጊዜ ጨርሰሻል።

አንድ ነገር ግን አልደብቅሽም። ፊደልሽ ይዘበራረቃል። በአንድ ገጽ ላይ «ፀሐይ»፣ «ጸሀይ»፣ «ፀሃይ» አገኘሁ። የዋናዋ ልጅ ልብ ደግሞ በየምዕራፉ «ቀጥ ይላል»። የቴሌግራም አንባቢ ይምርሻል፣ ቀጣሪ አይምርሽም። አንድ አጻጻፍ ምረጪና እስከ መጨረሻው በእሱ ጽኚ። ምዕራፉን ከማውጣትሽ በፊት ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢው፤ የተደጋገመውን ጆሮሽ ይይዘዋል።

ወደ ሲቪው። ጻፊው፣ ግን ቀጣሪው በሚገባው ቋንቋ። «ፋን ፊክሽን ጸሐፊ» ብትዪ ብዙዎቹ አያውቁትም። «በአማርኛ ተከታታይ ታሪክ፣ 64 ሳምንታዊ ምዕራፎች፣ ሳይቋረጥ» ብለሽ ጻፊ። ቃለ መጠይቅ ላይ ሲጠይቁሽ ከምን እንደተነሣ ሳታፍሪ ንገሪያቸው። ከሲቪው ጋር ሦስት ገጽ ናሙና ያዢ፤ ናሙናው ያቺ ሴት ትሁን እንጂ ጥንዶቹ አይሁኑ።

ለየትኛው ሥራ ትዪኝ ይሆናል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ይዞ ሲመጣ ብዙ ሰው ተዋናዮቹን ብቻ ነው ያየው። ከበስተጀርባ ግን ንግግሩን በአማርኛ የሚጽፍ ሰው አለ። የተዋናዩ አፍ ሲገጠም ዓረፍተ ነገሩም እዚያው ማለቅ አለበት። ግሣችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ይህ ቀላል አይደለም። አንቺ ቃለ ምልልስ መጻፍ ትችያለሽ። የሬዲዮ ድራማም አለ፤ በ1990ዎቹ ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ የሚያስተምሩ ተከታታይ ድራማዎች በሬዲዮ ይተላለፉ ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ ክፍሉን ልብ ሰቅሎ የሚዘጋ ሰው ይፈልጋል። ማስታወቂያ ቤቶች፣ ባንኮች፣ የእርዳታ ድርጅቶችም ጥሩ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ይፈልጋሉ። ቁጥርም ጽሑፍም የሚችል ሰው ደግሞ ብዙ አላየሁም። ሂሳቡን የሚያውቅ፣ ሪፖርቱን ሰው እንዲያነበው አድርጎ የሚጽፍ ማለቴ ነው።

ስለዚህ ትምህርትሽን አትተዪ። እናትሽ ልክ ናቸው። አገራችን ውስጥ ብዙ ደራሲ የማሳተሚያውን ወጪ ከኪሱ ችሎ ነው መጽሐፍ የሚያወጣው። ያን ኪስ የሚሞላልሽ አካውንቲንጉ ነው። የቀረሽ አንድ ዓመት ከምናምን ነው፤ ዓርብ ማታም የትም አይሄድ። ፈተና ሲደርስ ለአንባቢዎችሽ «ሦስት ሳምንት የለሁም» ብለሽ ንገሪያቸው፤ የሚወዱሽ ይጠብቁሻል።

ለሰውዬው ዛሬውኑ «አይሆንም» በዪው። ከዚያ የሴትዮዋን አዲስ ታሪክ የመጀመሪያ አምስት ገጽ ጽፈሽ ላኪልኝ። ቲማቲሙን እንዳታወጪው።