የሄርፒስ አይጂጂ ፖዘቲቭ የሆነ ሰው ደም መለገስ ይችላል ወይ ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ

እህታችን፣ ጥያቄዎን በትክክል ተረድቼው ከሆነ ነገሩ እንዲህ ነው፦ እስካሁን ስድስት ጊዜ ደም ለግሰዋል፤ ደም ባንኩም አንድ ቀን እንኳ ችግር አለብዎት ብሎ አልጠራዎትም። በቅርቡ ግን በአንድ የግል ክሊኒክ ቶርች የሚባለውን፣ ፅንስን ሊጎዱ የሚችሉ ኢንፌክሽኖችን የሚፈልገውን ምርመራ ሲያደርጉ የሄርፒስም የሳይቶሜጋሎ ቫይረስም አይጂጂ (ሰውነት ለገጠመው ቫይረስ የሚሠራው መከላከያ፣ ማለትም አንቲቦዲ) ፖዘቲቭ ነው ተባሉ። አሁን የሰጡት ደም ሰው ጎድቶ እንደሆነ እያሰቡ እንቅልፍ አጥተዋል፤ ባለቤትዎም በጥርጣሬ ዓይን ማየት ጀምረዋል። በደም ባንክ ላቦራቶሪ ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ስሠራ ይህ ጥያቄ በተለያየ መልኩ ደጋግሞ ስለገጠመኝ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ።

መልሱን ላስቀድም። በወረቀትዎ ላይ የተጻፈው ውጤት የአብዛኛው ጤነኛ አዋቂ ሰው ውጤት ነው፤ ደም ከመለገስ የሚያግድዎት ነገር የለበትም።

ሄርፒስ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የአባላዘር በሽታን ብቻ ነው። በእርግጥ ግን ስሙ የአንድ ሰፊ ቤተሰብ ስም ሲሆን ሰውን የሚይዙት የቤተሰቡ አባላት ስምንት ናቸው። ትኩሳት ሲለቅቀን በከንፈራችን ዙሪያ የሚወጣውና እናቶቻችን «ምች መታው» ብለው ዳማ ከሴ የሚያሹበት ቁስል አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሄርፒስ ሲምፕሌክስ ቁጥር 1 ነው። በልጅነት ጉድፍ ሆኖ የሚይዘንና ከብዙ ዓመት በኋላ አልማዝ ባለጭራ ሆኖ የሚመለሰው ቫይረስም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። ሳይቶሜጋሎ፣ ኤፕስታይን ባር እንዲሁም የሰው ሄርፒስ ቫይረስ ቁጥር 6፣ ቁጥር 7 እና ቁጥር 8 የሚባሉትም እንዲሁ። ሁሉንም አንድ የሚያደርጋቸው ጠባይ አንድ ጊዜ ከገቡ በኋላ ከሰውነት ፈጽሞ አለመውጣታቸው ነው፤ ተኝተው ዕድሜ ልክ አብረውን ይኖራሉ።

ስርጭታቸው ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ቁጥሩ ይናገራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2020 ባወጣው ግምት፣ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በታች ከሆኑ ሰዎች 3.8 ቢሊዮኑ፣ ማለትም 64 በመቶው፣ የሄርፒስ ሲምፕሌክስ ቁጥር 1 ተሸካሚዎች ናቸው። ኤፕስታይን ባር በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች ከ90 በመቶ በላይ በሚሆኑት ዘንድ ይገኛል። ቁጥር 6 ደግሞ ልጆች ሁለተኛ ዓመታቸውን ሳያልፉ አብዛኞቻቸውን ይይዛል። ስለ ሳይቶሜጋሎ በ2019 የወጣና ከብዙ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶችን ያጣመረ ትንታኔ በጠቅላላው ሕዝብ 83 በመቶ፣ በደምና በአካል ለጋሾች ዘንድ ደግሞ 86 በመቶ ያህል ፖዘቲቭ መሆኑን ገምቷል። እንግዲህ ይህን ውጤት ይዘን ለጋሽ እንመልስ ብንል በመቶ ለጋሾች መካከል የሚቀሩልን አሥራ አራት ገደማ ብቻ ይሆናሉ ማለት ነው። የደም ባንኮች ለጋሾችን በዚህ ምክንያት የማይመልሱት ስለዚህ ነው። በሀገራችን የተለገሰ ደም የሚመረመረው ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ፣ ለሄፓታይተስ ሲ እና ለቂጥኝ ነው።

አንድ ነገር በጥንቃቄ እንዲለዩ እፈልጋለሁ። አይጂጂ ፖዘቲቭ ማለት ሰውነትዎ ቫይረሱን ያውቀዋል፣ መከላከያም ሠርቶለታል ማለት ነው እንጂ ዛሬ በደምዎ ውስጥ ቫይረስ እየተንሳፈፈ ነው ማለት አይደለም። ይህን ልዩነት በግልጽ ያሳየኝ በ2008 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ የ100 ጤነኛ ለጋሾችን ደም ወስደው አንቲቦዲውን ሳይሆን የቫይረሶቹን ዘረመል ፈለጉ። ኤፕስታይን ባርን በ72ቱ፣ ቁጥር 7ን በ65ቱ፣ ቁጥር 6ን በ30ዎቹ አገኙ፤ ሳይቶሜጋሎን ግን በአንድ ሰው ብቻ። ሄርፒስ ሲምፕሌክስን፣ የጉድፉን ቫይረስና ቁጥር 8ን በአንዱም ለጋሽ ደም ውስጥ አላገኙም። ምክንያቱ ቫይረሶቹ የሚተኙበት ቦታ ነው። ሄርፒስ ሲምፕሌክስና የጉድፉ ቫይረስ የሚደበቁት በነርቭ ጉብታዎች ውስጥ ስለሆነ በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ አይዘዋወሩም። ኤፕስታይን ባር፣ ሳይቶሜጋሎና ሌሎቹ ግን በነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ይተኛሉ። ከመቶ ሰው አንዱ ያህል ደግሞ ቁጥር 6ን ከወላጁ በዘር ወርሶ በሰውነቱ ሴሎች ሁሉ ይዞት ይኖራል፤ እኔ ይህን ባወቅሁ ጊዜ «ንጹሕ ደም» የምንለውን ነገር በሌላ ዓይን ማየት ጀምሬያለሁ።

ስለዚህ የሄርፒስ ውጤትዎ በደምዎ ተቀባዮች ላይ ያመጣው ነገር ይኖራል ብዬ አልሠጋም። ሳይቶሜጋሎን በተመለከተ ግን በሐቀኝነት ልናገር፤ ቫይረሱ በደም ሊተላለፍ ይችላል። ሆኖም ጉዳት የሚያደርስባቸው ሰዎች የታወቁ ናቸው፦ ክብደታቸው ከ1500 ግራም በታች ሆነው ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት፣ በማሕፀን ሳሉ ደም የሚሰጣቸው ፅንሶች፣ መቅኔ የተተከለላቸው ሕሙማን እና ቫይረሱ ከዚህ በፊት ያልያዛቸው ነፍሰ ጡሮች። ሌላው ተቀባይ ብዙውን ጊዜ ቫይረሱን ቀድሞውኑ ይዞታል፤ አዲስ ቢይዘውም በአብዛኛው ሳይታወቀው ያልፋል። ለተጋላጮቹ ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ አይጂጂ ኔጌቲቭ ከሆነ ለጋሽ ደም መምረጥ፣ ሌላው ነጭ የደም ሴሎችን በማጣሪያ ማስወገድ ነው። በ1995 መቅኔ በተተከለላቸው ሕሙማን ላይ የታተመ ንጽጽር እንዳሳየው፣ ከኔጌቲቭ ለጋሾች ደም ከወሰዱት 1.3 በመቶ፣ የተጣራ ደም ከወሰዱት ደግሞ 2.4 በመቶ ብቻ ተይዘዋል። ማጣሪያው ውድ በመሆኑ በብዙ አገሮች ለእያንዳንዱ የደም ከረጢት አይዳረስም፤ እንደ እኔ እምነት ግን ቢያንስ ለጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሊጓደል የማይገባው ነገር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይጠብቀውን ነገር ልጨምር። ይበልጥ የሚያሳስበው ለጋሽ ምናልባት እንደ እርስዎ ከረጅም ጊዜ በፊት የተያዘው ሳይሆን በቅርብ ሳምንታት ውስጥ አዲስ የተያዘው ነው፤ አንቲቦዲው ገና ሳይወጣ ወይም በወጣ ሰሞን ቫይረሱ በፕላዝማው (በደሙ ፈሳሽ ክፍል) ውስጥ ሊገኝ ስለሚችል ምርመራው ኔጌቲቭ ሆኖ እንኳ ሊያመልጥ ይችላል።

ከቤተሰቡ ውስጥ ለአፍሪካ በተለይ ትኩረት ይገባዋል የምለው ካፖሲ ሳርኮማ ከሚባለው ካንሰር ጋር የተያያዘውን ቁጥር 8ን ነው። በ2006 ከካምፓላ የወጣ ጥናት ፖዘቲቭ ደም መውሰድ የመያዝን ዕድል በ2.8 የመቶኛ ነጥብ እንደሚጨምር፣ አደጋውም ከአራት ቀን በላይ ከቆየ ደም ይልቅ በትኩስ ደም እንደሚበዛ አሳይቷል። የእርስዎ ወረቀት ይህን ቫይረስ አይመለከትም፤ ያነሳሁት ርዕሱ ሙሉ እንዲሆን ብቻ ነው።

ባለቤትዎን በተመለከተ፣ ውጤቱ «ሄርፒስ አይጂጂ» ብቻ ብሎ ሲምፕሌክስ ቁጥር 1 ይሁን በአብዛኛው በግብረ ሥጋ የሚተላለፈው ቁጥር 2 ካልለየ ከምንም ነገር ላይ አያደርስም። ሁለቱ ቫይረሶች በጣም ስለሚመሳሰሉ የማይለይ ምርመራ በልጅነት በእናት መሳም የመጣውንም ፖዘቲቭ ይለዋል። መቼ እንደተያዙና ከማን እንደያዝዎትም አይናገርም። ምልክት ለሌለው ሰው ይህን ምርመራ በዘፈቀደ ማዘዝ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከልም የማይመክረው ሲሆን፣ ሳያስረዱ ውጤቱን በእጅ ማስያዝ ደግሞ በትዳር ላይ የሚያደርሰውን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው አንድ ሰው ከልቤ ስለማይወጣ ነው። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት በየሦስት ወሩ ሳያጓድሉ የሚመጡ፣ የደም ዓይነታቸው ኦ ኔጌቲቭ የሆነ አንድ አባት ነበሩ። እንደ እርስዎ ያለ ወረቀት ይዘው መጥተው «ልጄ፣ እኔ ከእንግዲህ ለሰው አልጠቅምም ማለት ነው?» ሲሉኝ፣ ተሰልፈው የሚጠብቁ ሰዎች ስለነበሩ «ሐኪም ያነጋግሩ» ብዬ ሸኘኋቸው። ዳግመኛ አልመጡም። ያን ቀን አምስት ደቂቃ ሰጥቼ ከላይ ያለውን ብነግራቸው ኖሮ እላለሁ።

ስለዚህ ከመጨረሻው ልገሳዎ ሦስት ወር ካለፈ ወረቀቱን ይዘው ይሂዱና ከልገሳው በፊት ለሚያነጋግርዎት ባለሙያ ያሳዩ። በዚያ ሰሞን ትኩሳት ካለብዎት፣ በከንፈርዎ ላይ ምች ከወጣ ወይም አልማዝ ባለጭራ ከያዘዎት ቁስሉ ደርቆ ደህና እስኪሆኑ ይቆዩ። ቶርቹን ያዘዙልዎት እርግዝና አስበው ከሆነም የሳይቶሜጋሎው አይጂኤም (በቅርብ መያዝን ሊጠቁም የሚችለው አንቲቦዲ) ተሠርቶ እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ ይህ ግን የእርግዝናው ጉዳይ እንጂ የደም ልገሳው አይደለም።