የጉልበት ሠራተኛ ደመወዝ በየስንት ቀኑ ይከፈላል?

ጥያቄ፦ በኒው ዮርክ ከተማ በሚገኝ አንድ መጋዘን ዕቃ በመጫንና በማውረድ እሠራለሁ፤ አልፎ አልፎም የገባውንና የወጣውን ዕቃ እመዘግባለሁ። ደመወዜ የሚከፈለኝ በየሁለት ሳምንቱ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሕጉ በየሳምንቱ እንዲከፈለን ያዛል ስላለኝ አለቃዬን ብጠይቀው፣ ስቀጠር በየሁለት ሳምንቱ ለመከፈል ተስማምቼ መፈረሜን አስታወሰኝ። የቤት ኪራይና የልጆቼ ወጪ ከደመወዜ እየቀደመ እቸገራለሁ፤ ገፍቼ ብጠይቅ ደግሞ ከሥራ እንዳልባረር እፈራለሁ። መብቴ ምን ድረስ ነው?
ስማቸው እንዳይገለጽ የጠየቁ አንባቢ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ባልደረባዎ እውነቱን ነግረውዎታል። የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት የሠራተኛ ሕግ በአንቀጽ 191 የጉልበት ሠራተኛ በየሳምንቱ፣ ቢዘገይ እንኳ ሥራው የተሠራበት ሳምንት ካለቀ በኋላ ባሉት 7 ቀናት ውስጥ እንዲከፈለው ያዛል። በወር ሁለት ጊዜ መክፈል የተፈቀደው በዋናነት ለጽሕፈት ሥራና ለመሳሰሉት ሠራተኞች ነው።

የፈረሙት ውልም ይህንን መብት አያስቀርብዎትም። ይኸው አንቀጽ፣ ሠራተኛ ለመቀጠር ሲል ብቻ ሕጉ ከወሰነው ጊዜ ውጭ ደመወዝ እንዲቀበል መገደድ እንደሌለበት በግልጽ ይናገራል፤ ሥራ የቸገረው ሰው የቀረበለትን ወረቀት ሁሉ እንደሚፈርም ስናስብ፣ ድንጋጌው ተገቢ ጥበቃ ነው።

መመዝገብዎም የጉልበት ሠራተኛ ከመባል አያወጣዎትም። የክፍለ ግዛቱ የሠራተኛ መምሪያ ለረጅም ጊዜ በያዘው አተረጓጎም መሠረት፣ ከሥራ ሰዓቱ ከ25 በመቶ በላይ የሚሆነውን በአካላዊ ሥራ የሚያሳልፍ ሰው በዚህ ክፍል ውስጥ ይገባል። ይሁን እንጂ አሠሪዎ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ከሆነ፣ ወይም ብዙ ሠራተኞች ያሉት ትልቅ ድርጅት ሆኖ ከመምሪያው ልዩ ፈቃድ ካገኘ፣ በወር ሁለት ጊዜ ሊከፍል ይችላል፤ ስለዚህ አስቀድመው ይህንን ያጣሩ።

ካሳን በተመለከተ ግን በቅርቡ የተለወጠ ነገር አለ። ደመወዙ ዘግይቶም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ከተከፈለ ሠራተኛው ምን ያህል ካሳ ይገባዋል በሚለው ላይ የክፍለ ግዛቱ የይግባኝ ፍርድ ቤቶች ተለያይተው ነበር፤ በ2019 የተሰጠ አንድ ውሳኔ የዘገየውን ደመወዝ ያህል ካሳ እንዲጠየቅ መንገድ ሲከፍት፣ በ2024 የተሰጠ ሌላ ውሳኔ ግን ሠራተኛው በዚህ ምክንያት በቀጥታ መክሰስ አይችልም አለ። በግንቦት 2025 የወጣው ማሻሻያ፣ ቢያንስ በወር ሁለት ጊዜ በመደበኛነት ሲከፍል የቆየ አሠሪ ለመጀመሪያ ጥፋቱ የሚከፍለውን ካሳ ክፍያው ለዘገየባቸው ቀናት በሚታሰብ ወለድ ወሰነው፤ በተመሳሳይ ጥፋት ውሳኔ ተሰጥቶበት የደገመ አሠሪ ግን የደመወዙን ያህል ካሳ ሊከፍል ይችላል። ከሳምንት ወደ ሳምንት ለሚኖር ሠራተኛ የመዘግየቱ ጉዳት በወለድ ብቻ የሚለካ አይመስለኝም፤ ሆኖም ከመነሻው ብዙ ገንዘብ እንዳይጠብቁ ይህንን ማወቅ ይኖርብዎታል። በየሳምንቱ የመከፈል ግዴታው ግን በማሻሻያው አልተነካም።

ስለ ስጋትዎ፣ የሠራተኛ ሕጉ አንቀጽ 215 መብቱን በመጠየቁ ወይም ቅሬታ በማቅረቡ ምክንያት ሠራተኛን ማባረርን፣ ማስፈራራትንም ሆነ ሌላ በደል መፈጸምን ይከለክላል። ይህ ጥበቃ የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸውንም የሌላቸውንም ይመለከታል።

የተቀጠሩበትን ወረቀት፣ ከእያንዳንዱ ክፍያ ጋር የሚሰጥዎትን የደመወዝ ዝርዝርና ገንዘቡ ወደ ባንክ የገባባቸውን ቀናት በጥንቃቄ ይያዙ፤ የሥራ ሰዓትዎንና ምን ሲሠሩ እንደዋሉም በራስዎ ደብተር ይመዝግቡ፤ የ25 በመቶው ክርክር ቢነሳ ዋናው ማስረጃዎ ይህ ይሆናልና። ቅሬታዎን ያለክፍያ ለሠራተኛ መምሪያው ማቅረብ፣ ወይም ጠበቃ አማክረው ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ። የደመወዝ ጥያቄ ይርጋው 6 ዓመት በመሆኑ ሥራ ከለቀቁ በኋላም ቢሆን ጊዜው እስካላለፈ ድረስ መጠየቅ ይቻላል፤ እንግሊዝኛው የሚያስቸግርዎት ከሆነም መምሪያው አስተርጓሚ በነጻ እንዲያቀርብልዎት ይጠይቁ።