«ከፋሲካ በኋላም ሥጋ ልተው» ላልከው ወንድሜ

«ሥጋ ወዳድ ነኝ። ከፋሲካ በኋላም ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ትቼ ልሞክረው አስቤያለሁ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ከየት ልጀምር?» ብለሃል። እኔም እዚሁ ነኝ፣ ከተውኩ አራት ዓመት አለፈኝ። የእኔ እንዳይደርስብህ ልንገርህ።

1. ምግቡ አይቸግርህም። ሽሮ፣ ክክ፣ ጎመን፣ እልበት የምታውቀው ነው። ስልጆ አልወድም ካልክ የእኔን ስላልቀመስክ ነው። የሱፉን ውኃ በባቄላ ዱቄት አብስዬ፣ ሲበርድ ሰናፍጭ ጨምሬ ጥቂት ቀን አቆየዋለሁ። ጥብስ በቀረበበት ማዕድ ላይ እንኳ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። ሆቴል ስትገባ ግን «ሽሮ» ብለህ ብቻ አትዘዝ፤ በፍስክ ቅቤ ይገባበታል።

2. ከምግብ ላይ ሻይና ቡና አታስከትል። የምስሩንና የጎመኑን ብረት ሰውነትህ እንዳይወስደው ያግዱታል። ሎሚ ጠብ ብታደርግበት ግን ያግዛል።

3. ቫይታሚን ቢ12። እባክህ ይህን ረጋ ብለህ አንብበው። እኔ ከልጅነቴ ጿሚ ነኝ። ሁዳዴ 55 ቀን፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ፍልሰታ። «ለእኔ ምን አዲስ ነገር አለው?» ብዬ ገባሁበት። ጾም ግን ይፈታል፤ ዶሮው፣ እንቁላሉ፣ አይቡ ይመጣል። ቢ12 ከእህልና ከአትክልት አይገኝም። ጉበት ያጠራቀመው ደግሞ ለዓመታት ስለሚያቆይ ማለቁ አይታወቅህም።

በሦስተኛው ዓመት እግሬን እንደ ጉንዳን ይወረኝ ጀመር። ወሩ ኅዳር ነው፣ አገሩ ደብረ ብርሃን። ሁሉም «ብርድ ነው» አለኝ፤ እኔም ካልሲ ደረብኩ። አንድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጎረቤቴ አንድ ነጠላ ጫማ ይዛ እየሮጠች ደረሰችብኝ። የእኔ ነው። ከእግሬ ወልቆ ውርጩን በካልሲ ስረግጥ አልታወቀኝም።

ሐኪም ቤት ሄድኩ። የመረመረኝ ሰው ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ደም ማነስ ነው፣ ሥጋ ብዪ» አለና የብረትና የፎሊክ አሲድ ኪኒን ጻፈልኝ። ሥጋ ከተውኩ ስንት ጊዜዬ እንደሆነ ልነግረው አፌን ስከፍት «ቀጣይ!» ብሎ ተጣራ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ደሜ ተስተካከለ፣ እግሬ ግን ባሰበት። ለካ ፎሊክ አሲድ ደም ማነሱን ያሻሽላል እንጂ፣ ቢ12 እስካልተተካ ድረስ ነርቡ መጎዳቱን አያቆምም። ስድስት ወር በከንቱ ሄደ። በመጨረሻ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዤ አዲስ አበባ ያገኘኋት ሐኪም የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ምን ትበያለሽ?» ነበር። ተመረመርኩ፣ መርፌ ተጀመረልኝ። አካሄዴ ተመለሰ። የግራ እግሬ ሁለት ጣቶች ግን ዛሬም እንደደነዘዙ ናቸው።

ስለዚህ ቢ12 ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምር። መድኃኒት ቤት ቢ ኮምፕሌክስ ሲሰጡህ ቢ12 ምን ያህል እንዳለው ጀርባውን አንብብ። ሐኪም ፊት ስትቀርብ ሥጋም ወተትም እንደማትበላ ሳትጠየቅ ተናገር። ካልሰማህ ድገምለት።

4. ቤተሰብ። መሐል ሜዳ ያሉት አማቴ በግ አሳርደው ሳልበላ ስቀር አልቅሰዋል፤ የመንዝ በግ እንቢ ማለት ቀላል አይደለም። ዘንድሮ ተልባ ቆልተው ወቅጠው ጠበቁኝ። አሁን ማታ ማታ ስልክ ደውለው የሚጠይቁኝ «ልጄ፣ ኪኒንሽን ዋጥሽ?» ብለው ነው።